የበጋ ብርድና የጓሮ ዛፍ፦ ከቦርደዴ እስከ ጨርጨር ደጋ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሚኤሶ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ሐረርጌ የሚዘልቅ መንገደኛ ቦርደዴን የሚያገኛት ግራር በበዛበት የቆላ ሜዳ ላይ ነው። ቦርደዴ ስትነሳ ሙቀቷ አብሮ ይነሳል። በታኅሣሥ ወር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያለፈባት ሰው ግን ሌላ ገጽታዋን ያያል። ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ይጠብቃሉ፤ ፍየሎች ከአጥር ሥር ተጠጋግተው ይቆማሉ። አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ጋቢው ይታጠፋል፣ የቆላው ሙቀትም ወደ ቦታው ይመለሳል። የቦርደዴ ብርድ የዛፍ ቅጠል አያቃጥልም። እንዲያውም በየግቢው ላለው ማንጎ ቀዝቃዛው ሌሊት የአበባ ጥሪ ነው።

በዚያው ንጋት ከሚኤሶ ወደ ላይ፣ አሰበ ተፈሪን (ጭሮን) አልፎ ወደ ጨርጨር ተራሮች ለወጣ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ሚኤሶ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ፣ ጭሮ ደግሞ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ያለው ደጋ 2000 ሜትርን አልፎ ይሄዳል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ቦርደዴ ላይ በጋቢ የሚመለሰው ብርድ ደጋው ላይ ሣሩን በነጭ አመዳይ ይሸፍነዋል። የቡናና የጫት ለጋ ቅጠልም ፀሐይ ሲያገኘው በእሳት እንደተለበለበ ይጠቁራል። ምዕራብ ሐረርጌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ የሚገኝ ሞቃት አገር ነው፤ ውርጩን የሚያመጣበት የተራራው ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የዛፍ ታሪክ ሲጻፍ የዝናቡን ወራት ብቻ አንስቶ ማለፍ የታሪኩን ግማሽ መተው ይሆናል። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው። ዛፍ ለመሆን መትረፉ የሚታወቀው ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅና ቀዝቃዛ ወቅት ነው።

የውርጭ አመጣጥ

ውርጭ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል። ጉዳዩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀት ከመሬት ወደ ሰማይ ሲያመልጥ የሚፈጠር ነው። ደመና ባለበት ሌሊት ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይይዝላታል። በበጋ ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ጸጥ ሲል ግን ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ይሸሻል። ከመሬት ጋር የተጠጋው አየር ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ለዚህ ነው በአንድ ቀበሌ ውስጥ የዳገቱ ቡና ሳይነካ የሸለቆው ቡና የሚመታው። ለም ነው ተብሎ የሚመረጠው የሸለቆ ወለል ብዙ ጊዜ የብርድ ማጠራቀሚያም ይሆናል። በቁልቁለቱ ግርጌ ጥቅጥቅ ብሎ የታጠረ አጥር ደግሞ ወራጁን ብርድ እንደ ግድብ አግዶ ጓሮው ውስጥ ያስተኛዋል። አጥሩን በታችኛው በኩል ከፈት አድርጎ መተው ብርዱ መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል፤ ምንም ወጪ የለውም።

ነገሩን የሚያከብደው ብርዱ ከድርቁ ጋር መምጣቱ ነው። እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቃል፤ ደረቅ አፈር ግን ይህን አቅም የለውም። ዝናቡ በመስከረም ከተቋረጠ አፈሩ በኅዳር ይደርቃል፣ ውርጩም ልክ በዚያን ጊዜ ይመጣል። ዓመት ያልሞላው ችግኝ ሥሩ ገና ጥልቀት ስለሌለው ሁለቱም በአንድነት ያርፉበታል።

ጥላ የማይነፍገው ዛፍ

የሐረርጌ የጓሮ ቡና እንደ ጅማና እንደ ከፋ ቡና በጥቅጥቅ ደን ሥር ያደገ አይደለም። ከማሽላ፣ ከበቆሎና ከጫት ጋር ተሰባጥሮ፣ በካብ በታጠረ እርከን ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ እያየው የሚበቅል ነው። እንግዲህ ከላይ ሙቀቱን የሚይዝለት ጥላ ከየት ይመጣል ቢባል፣ መልሱ በየማሳው ውስጥ ተበታትኖ የቆመው በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዘር ነው። ይህ ዛፍ ከሌሎች ዛፎች ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። በዝናብ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ግን ለምልሞ ይታያል። ገበሬው ማሽላውን በሚያሳድግበት ጊዜ ፀሐይ አይከለክልም፤ ማሽላው ከታጨደ በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚያሰጋበት ወቅት ደግሞ ቅጠሉን ዘርግቶ ከሥሩ ያለውን አፈር ሙቀት ይይዛል። የሚያራግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል። የሐረርጌ ደጋ ገበሬ ይህን ዛፍ በማሳው ውስጥ ጠብቆ ማቆየቱ የግብርና ተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበ ጉዳይ ነው፤ ከሥሩ የሚዘራው ማሽላና በቆሎ የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ በሐረርጌ በተደረገ ጥናት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተመዝግቧል። ማንም ያላዘዘው፣ በዘመቻም ያልተተከለ ዛፍ ነው። ገበሬው ሲያርስ በራሱ የበቀለውን ችግኝ እያየ ማረሻውን አዙሮለት፣ በበጋም ከብት እንዳይበላው እሾህ ከብቦለት ያደገ ነው።

ማሽላውም የራሱ ድርሻ አለው። የሐረርጌ ማሽላ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ፣ ቁመቱም ከሰው የሚበልጥ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በመካከሉ ያለው የቡና ወይም የጫት ችግኝ እስከዚያ ድረስ በአገዳው መካከል ተከልሎ ይቆያል። አጨዳው ሲደርስ ግን ክልሉ በአንድ ቀን ይነሳለታል፤ ያውም ብርዱ በሚበረታበት ሳምንት። አገዳው ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ስለሚፈለግ ከማሳው እንዲነሳ ይጣደፋል። በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ጥቂት አገዳ ቆሞ እስከ ጥር ማብቂያ ቢቆይ ከብቱ የሚያጣው አንድ እቅፍ መኖ ብቻ ነው።

የጥንት ዛፎች

ጨርጨር በዛፍ ሥር የተዳኘ አገር ነው። በበዴሳ አቅራቢያ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ ሸንጎ የሚሰበሰብበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። ኦዳ ሾላ ነው። ዛፉን ያቆየው ጠባቂ ቅጥረኛ ሳይሆን በሥሩ የሚቀመጠው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ከቦርደዴ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ሲታይ ጎልቶ የሚታየው የአሰቦት ተራራም ሌላ ምስክር ነው። በአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ የተመሠረተው የደብረ ወገግ አሰቦት ገዳም በዙሪያው ያለውን ቆላ የማይመስል የጽድና የወይራ ደን ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። ከታች ያለው ሜዳ ግራር ሲሆን ከላይ ያለው ጽድ የሆነው በከፍታውና በብርዱ ምክንያት ነው። ይህ ደን በ2004 ዓ.ም. በበጋው ወራት በተነሳ ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቷል፤ እሳቱን ለማጥፋትም ከአዲስ አበባ ጭምር ብዙ በጎ ፈቃደኞች ዘምተዋል። በበጋ ብርድን ለመከላከል እሳት ማንደድ በሚለመድበት አካባቢ ይህ መረሳት የሌለበት ነው።

ከግብፆች እስከ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት

ቡና በሐረር ዙሪያ ለገበያ መመረት የጀመረው ከረጅም ጊዜ በፊት ቢሆንም፣ ግብፆች ሐረርን በያዙባቸው ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ተስፋፍቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላም የቡና ንግድ የግዛቱ ዋና ገቢ ሆኖ ቀጠለ። ባቡር ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ሲዘልቅ፣ ሃዲዱ በቆላው በሚኤሶና በአዋሽ በኩል አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደጋው አምራች፣ ቆላው ማስተላለፊያ ሆኑ። ከጨርጨር በበቅሎና በግመል የወረደ ቡና በሚኤሶ ጣቢያ ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ይሄድ ጀመር።

ጨርጨር በመንግሥት ዘንድ የተለየ ትኩረት ያገኘው በ1910ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አገሩን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ጋር ዓድዋ የዘመቱ፣ ከዚያም ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ ለእርሻ ሥራ ልዩ ፍቅር የነበራቸው ሰው ነበሩ። ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን አስበው አስተዳደሩን አደራጁ፤ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ስም የተሰየመችው አሰበ ተፈሪም የአውራጃው መቀመጫ ሆነች። ተክለ ሐዋርያት በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅና በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ በመከራከር ይታወቃሉ። በስተእርጅናቸው ግን ከስደት ሲመለሱ የመረጡት ቤተ መንግሥትን ሳይሆን ሂርና ላይ ያለ እርሻቸውን ነው። የጨርጨርን ደጋ በሹመት አይተውት፣ በገበሬነት የተመለሱበት ሰው ናቸው።

የብራዚል ውርጭ

የጓሮ ዛፍ ብርድ በዓለም ገበያ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ከሐረርጌ ወጣ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በደቡብ ብራዚል፣ ፓራና በሚባለው ግዛት፣ በአንድ ሁለት ሌሊት የወደቀ ውርጭ የግዛቱን የቡና ተክል ከሞላ ጎደል ፈጀው። ፓራና እስከዚያ ዓመት ድረስ ከብራዚል ዋና ዋና ቡና አምራች ግዛቶች አንዱ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት የተሰበሰበው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዚያ አገር ሐምሌ የብርድ ወር ነው። ቡናውም ጥላ በሌለው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በመስመር የተተከለ ነበርና የሚሸሸግበት አላገኘም። የዓለም የቡና ዋጋ ከዚያ በኋላ እየናረ ሄዶ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ደረሰ።

ለሐረርጌ ገበሬ ይህ ዕድል የመጣው ባልተመቸ ጊዜ ነበር። ከብራዚሉ ውርጭ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ ጭሰኝነት ቀርቶ፣ የገበሬ ማኅበራት እየተቋቋሙ ነበር። ገበሬው በያዘው መሬት ላይ ያለውን ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ የሚለቅምበት ዘመን ነው። ዋጋው ጣራ በነካበት በ1969 ዓ.ም. ግን የሶማሊያ ወረራ ደረሰ፤ የባቡሩ መስመር ተቋረጠ፣ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ወደቀች። ምሥራቁ እስኪረጋጋ ድረስ ብዙ ገበሬ የቡናውን ሳይሆን የነፍሱን ነገር ይዞ ነበር።

ብራዚል ከደረሰባት ተምራ የቡናዋን እምብርት ከፓራና ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚናስ ዤራይስ አዛወረች። ያም ቢሆን በ1986 ዓ.ም. ውርጭ ዳግም መታት፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሚናስ ዤራይስ ራሱ ተመታ። ዋጋውም በሦስቱም ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ አንድ የሐረርጌ ገበሬ በታኅሣሥ ሌሊት አሥር የቡና ችግኞቹን ከብርድ ቢያድን ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ ቡናው ዋጋ የሚያወጣው የሌላው በብርድ ባለቀበት ዓመት መሆኑን ያስታውስ።

ቤቱ ከጓሮው የራቀበት ዘመን

የጓሮ ዛፍ የበጋ እንክብካቤ ታሪክ ትልቁ መሰናክል የመጣው ከአየር ጠባይ አልነበረም። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በሐረርጌ በስፋት ተካሄደ። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱንና ክዳኑን ተሸክሞ፣ በመስመር በተሠራ አዲስ መንደር ውስጥ ሰፈረ። የመንግሥት ዓላማ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውሃ ለማቅረብ እንዲመች የሚል ነበር፤ ጸጥታውን መቆጣጠሩም አብሮ ታስቧል። ለቡናና ለጫት ግን ውጤቱ ሌላ ነበር።

የጓሮ ዛፍ ጓሮ ውስጥ የሚተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት ጥራጊ፣ አመድና የከብት ፍግ በቅርብ ይደርሰዋል። የእጅ መታጠቢያ ውሃ እንኳ ሥሩ ላይ ይፈስስለታል። በማታ ብርዱ ሲበረታ የቤቱ እመቤት ወጥታ ጆንያ ትጥልበታለች። ግድግዳውና የድንጋይ ካቡ በቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ይለቁለታል። ቤቱ ከሄደ ይህ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተጉዞ የሚደረስበት ጓሮ፣ ጓሮ መባሉ ቀርቶ ማሳ ይሆናል፤ ማሳ ላይ ያለን ችግኝ ደግሞ በታኅሣሥ ሌሊት ማንም ወጥቶ አይሸፍነውም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙ ሰው አዲሱን መንደር እየተወ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለሱ ይታወቃል። የተመለሰው ወደ ዛፉም ጭምር ነው።

በዚህ አጋጣሚ የኅብረት ሥራውን ታሪክ መጥቀስ ይገባል። የደርግ ዘመን ኅብረት ሥራ በትእዛዝ የተቋቋመ በመሆኑ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ተዳከመ። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 በአባላት ፈቃድ የሚመሠረቱ ማኅበራት መንገድ ሲያገኙ፣ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 ማኅበራት ተቋቋመ፤ የሐረርጌ ቡና አምራቾችም ቡናቸውን ያለ ደላላ ወደ ውጭ የሚልኩበት በር ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቡና ዋጋ በዓለም ደረጃ ወደቀ፤ ብዙ የሐረርጌ ገበሬም ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ።

ጫት፣ ውሃና ሐረማያ

ጫት ብርድን ከቡና ይልቅ ይችላል ቢባልም፣ ለገበያ የሚቀርበው ለጋው ቀንበጥ ስለሆነ ውርጭ በአንድ ሌሊት ገቢውን ያጠፋል። በበጋ ዋጋው የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀንበጡን ያዳነ ገበሬ በታኅሣሥና በጥር ጥሩ ይሸጣል። ለዚህ ያለው ዋና መሣሪያ ውሃ ነው። ከውርጩ በፊት የጠጣ አፈር ሙቀት ይይዛል፤ ተክሉም አዲስ ቀንበጥ ያወጣል።

ይህ ዘዴ ያለ ልክ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ወደ ሐረማያ ሐይቅ መመልከት ይበቃል። ሐይቁ ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ዙሪያውን ደግሞ በፓምፕ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ውሃ ሲቀዳለት ኖሮ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለልም ተጨምሮበት በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደረቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፣ አንድ ትውልድ ሐይቁን የግጦሽ ሜዳ ሆኖ አይቶታል። ችግኝን ለማትረፍ የሚያስፈልገው ውሃ በባልዲ የሚለካ ነው። ሙሉ እርሻን በውርጭ ወራት በፓምፕ ማጠጣት ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ያን ሒሳብ ደግሞ ጎረቤት ነው የሚከፍለው።

የተቆጠረውና የጸደቀው

በ2000 ዓ.ም. በሚሌኒየሙ ምክንያት በአገሪቱ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጿል። ሁለቱም በክረምት የተደረጉ ናቸው፣ መሆንም የሚገባው እንዲሁ ነው። ቆጠራውም በክረምት መደረጉ ግን ትክክል አይደለም። በሐምሌ የሚቆጠረው የተተከለ ነው፤ በየካቲት የሚቆጠረው የጸደቀ ነው። የቀበሌና የወረዳ ሪፖርት ሁለተኛውን ቁጥር እስካልያዘ ድረስ ገበሬው የተሰጠውን የማንጎ ወይም የቡና ችግኝ በበጋ ለምን እንደሚያጠጣው የሚጠይቀው የለም። ማኅበራት ለአባላት ችግኝ ሲያከፋፍሉ የሚቀጥለውን ዓመት ድርሻ በየካቲት ቆጠራ ላይ ቢመሠርቱ አሠራሩ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።

ብርድ ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑንም መርሳት አይገባም። በጋሞ ደጋ የጨንቻ ገበሬዎች ከሚሲዮናውያን ያገኙትን ፖም አባዝተው ገቢ ያገኙበት ብርዳቸው ስለ ጠቀማቸው ነው፤ ፖም በቂ ብርድ ካላገኘ እንቡጡ በወጉ አይከፈትም። ወደ ቦርደዴ ቢመለሱም እንዲሁ ነው። ማንጎ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እንቡጥ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ለፍሬ የደረሰውን ማንጎ ደጋግሞ የሚያጠጣ ሰው አበባ ሊያገኝ ሲገባው ቅጠል ያገኛል። የሦስት ወር ችግኝ ግን ያለ ውሃ ይሞታል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት የማንጎ ዛፎች አንዱ ውሃ ሲጠጣ ሌላው እንዲጠማ የሚደረገው ለዚህ ነው።

በደጋው ያለው ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ለችግኝ ዩሪያ መጨመር ለብርድ የሚመች ለጋ ቅጠል ያስወጣል፤ ማዳበሪያው ለበልግ ቢቆይ ይሻላል። ጉዝጓዝ እርጥበት ይጠብቃል፤ ውርጭ በሚበዛበት ሸለቆ ግን የአፈሩን ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ስለሚያግድ በብርዱ ሳምንታት ከግንዱ ዙሪያ ገለጥ ማድረግ ይበጃል። በቆላው ደግሞ ግንዱን የነካ ጉዝጓዝ ምስጥ ይጠራል። ችግኝን በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ይቻላል፤ ሆኖም አራት ችካል ተተክሎ ከረጢቱ ቅጠሉን ሳይነካ ነው፣ ጠዋትም ይነሳል። ቅጠል ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ብርዱን ያስተላልፈዋል። እርጥብ ገለባ በማጨስ ውርጭን ማባረር ይቻላል የሚለው በሰፊው የሚነገር ቢሆንም ጭሱ ሙቀት ብዙም አይይዝም፤ የሚሞቀው ከእሳቱ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። በበጋ የሚነድ እሳት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ አሰቦት ያየው ነው።

ውርጭ የመታውን ቡና ወይም ጫት ያየ ገበሬ የመጀመሪያ ፍላጎቱ የጠቆረውን ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣል ነው። ይህ ሊቆይ ይገባዋል። የደረቀው ቅጠል ራሱ ከሥሩ ላለው እንቡጥ መጠለያ ነው፤ ወዲያው የተቆረጠ ዛፍ የሚያወጣውን አዲስ ቀንበጥ ደግሞ የሚቀጥለው ውርጭ ይወስደዋል። የትኛው እንጨት እንደሞተና የትኛው ሕይወት እንዳለው የሚታየው የበልጉ ዝናብ ሲገባ፣ በመጋቢት ገደማ ነው። ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ ሲያዩት ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። እስከ ታች የደረቀ አሮጌ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ ይጎነደላል። ከሚያቆጠቁጡት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች ይተዋሉ፣ የተቀሩት ይነቀላሉ። የተተዉትም የሚቀጥለው ኅዳር እስኪደርስ እንጨታቸው ጠንክሮ ይጠብቃል።